ወንዝ ዳር የወሰድኩት መርዶ

ሞት በፖስታ ይላካል እንዴ? እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። የሟቹ ጠበቃ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ «አይዞሽ፣ ለእህታቸው ደብዳቤ ልከናል» ሲለኝ ጆሮዬን ነው የተጠራጠርኩት። «ደብዳቤ?» አልኩ። «ደብዳቤ» አለ። የመብራት ቢል ነው እንዴ? አንዲት የሰማንያ ዓመት አሮጊት፣ ለብቻቸው በር ላይ ቆመው፣ ፖስታ ቀደው የወንድማቸውን ሞት ሊያነቡ! በየት አገር ነው እንዲህ የሚደረገው? በዚህ አገር ነው ለካ።

ፀሐይነሽ እባላለሁ። የምኖረው አትላንታ አጠገብ ስማይርና ነው፤ ሥራዬ ሆም ሄልዝ ነው፣ አረጋውያንን ቤታቸው ሄጄ እንከባከባለሁ። ጋሽ ማኑዌልን አራት ዓመት ተኩል አጥቤያቸዋለሁ፣ አብልቻቸዋለሁ፣ ፂማቸውን ላጭቻቸዋለሁ፣ ተጣልቻቸዋለሁ፣ ታርቄያቸዋለሁ። ፖርቱጋላዊ ናቸው። በጎረምሳነታቸው ለግንበኝነት መጥተው፣ አሜሪካዊት አግብተው፣ ልጅ ሳይወልዱ ሚስታቸውን ቀብረው ብቻቸውን የቀሩ ሰው ነበሩ። በዚህ ዓለም ላይ የነበሯቸው ዘመድ አንዲት እህት ብቻ ናቸው፣ እትዬ ዴኦሊንዳ። «እትዬ» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ለትልቅ ሰው በባዶው ስም መጥራት አፌ እሺ አይልም።

እትዬ ዴኦሊንዳ በየእሁዱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በዋትሳፕ ይደውላሉ። የሚደውሉት በእኔ ስልክ ነው፤ ጋሽ ማኑዌል የራሳቸውን ስልክ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ከጀመሩ ወዲህ እንደዚያ ተስማምተናል። መጀመሪያ እኔን ይጠይቁኛል፣ «ማኑዌል፣ ቤም?» «ቤም፣ ቤም» እላለሁ። ደህና ናቸው ማለት ነው። ከዚያ ስልኩን ወንድማቸው ጆሮ ላይ እይዛለሁ። አራት ዓመት ተኩል ሙሉ እኔና እሳቸው ያወራነው ይቺኑ ነው።

በፈረንጆች 2016፣ በሜይ ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ማኑዌል አረፉ። ያጠብኳቸውም የገነዝኳቸውም እኔ ነኝ። ሚስታቸው አጠገብ ተቀበሩ፣ ቀባሪውም ስድስት ሰው አይሞላም ነበር። እሁድ ሆነ። ቸርቻችን ፓይን ሌክ አጠገብ ነው። ፓስተሩ ስብከቱን ገና ሲጀምር ስልኬ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወደ ፓርኪንጉ ሮጥኩ።

«ማኑዌል፣ ቤም?»

ምን ልበል? አፌ «ቤም፣ ቤም» አለ። ከዚያ «ተኝተዋል» ለማለት የማውቃትን ቃል ወርውሬ ዘጋሁት።

አትፍረዱብኝ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ማታ አይነገርም፣ ለብቻ ላለ ሰው አይነገርም። በማለዳ፣ ሰውዬው ሌሊቱን ከተኛ በኋላ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጉልበት ያለው ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው የሚረዳው። እስከዚያ ድረስ «ትንሽ አሟቸው ነው»፣ «ደህና ናቸው» ይባላል። ይሄ እንደ ውሸት አይቆጠርም። ለእኛ ርኅራኄ ነው።

ምክንያትም አለኝ። አባቴ አዲስ አበባ ያረፉ ጊዜ ወንድሜ ኢሳያስ ቀድሞኝ ሰምቶ ነበር። ኢሳያስ ኮሌጅ ፓርክ የሆቴል ሻትል ነው የሚነዳው። እንደ ወጉ የቸርች ሽማግሌዎችንና ጎረቤቶቼን በስልክ አሰባስቦ፣ በማግስቱ ማለዳ ሥራ ሳልሄድ በሬን ሊያንኳኩ ተቀጣጥረዋል። እኔ ደግሞ ያን ዕለት ከሰዓት ቤንዚን እየቀዳሁ ፌስቡክ ከፈትኩ። አንዱ የአጎቴ ልጅ የአባቴን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎበታል። መቅጃውን ከመኪናዬ ሳልነቅል ሞተር አስነስቼ ነዳሁ። የማላውቀው ሰው «ሌዲ! ሌዲ!» እያለ ከኋላዬ ሲሮጥ ትዝ ይለኛል። ሞቱስ የእግዜር ነው። ክንዴን የያዘኝ አንድ ሰው አለመኖሩ ግን እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። እትዬ ዴኦሊንዳን እንደዚህ አላደርጋቸውም ብዬ ማልኩ።

ስለዚህ ደብዳቤውን መቅደም ነበረብኝ።

በሁለተኛው እሁድ ደወሉ፣ «ቤም» አልኩ። በሦስተኛው እሁድ ግን ነገሩ ግራ ገባኝ። «ማኑዌል፣ ቤም?» አሉ። «ቤም» አልኩ። ደግመው ጠየቁ። እንደገና ጠየቁ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። መስመሩ መጥፎ መስሎኝ «ቤም! ቤም! ቤም!» ብዬ ጮህኩ። ከማዶ ለቅሶ ይሁን ሳቅ ያልለየሁት ድምፅ መጣና ስልኩ ተዘጋ። እርጅና ነው አልኩ። አንድ ነገር ግን ገባኝ፣ ደብዳቤው አልደረሰም። ደርሶ ቢሆንማ ስለ ደህንነታቸው ለምን ይጠይቁኛል?

ለኢሳያስ ፖርቱጋል ልሄድ ነው ብዬ ስነግረው፣ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት አሉ! ምን አገባሽ?» አለኝ። ልጄ ኑሃሚን ባሰች። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ኮሌጅ ናት።

«ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ሞተ ብለሽ ጀስት ቴክስት አታደርጊላትም?»

«ሞቱ በይ!»

«ኦኬ፣ ሞቱ። ቴክስት አድርጊላት።»

«መርዶ ቴክስት አይደረግም። ትሄጃለሽ አትሄጂም?»

«ላይክ፣ ፖርቱጋል? አይ አም ኢን» አለች። ሐዘን ይሁን ሽርሽር የለየላት አይመስለኝም። በስልኳ አስተርጉማ «ሐሙስ እኔና እናቴ ልንጠይቅዎት እንመጣለን» ብላ ላከችላቸው። ወዲያው የልብ ምልክትና አበባ በመዓት ተላከልን።

ከፖርቶ ከተማ ኑሃሚን መኪና ሬንት አደረገችና ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ነዳች። የመንደሩን ስም እስከ ዛሬ በወጉ መጥራት አልችልም። ቤቱ ሁሉ የድንጋይ ነው። ወንዙ አረንጓዴ ሆኖ፣ የሚሄድ እስከማይመስል ድረስ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከድልድዩ ሥር ሴቶች ተንበርክከው ልብስ በድንጋይ ላይ ያሻሉ፤ በ2016! በመግቢያው ላይ ደግሞ ሰፊ አለት አለ፤ አለቱ ላይ ጠባብና ረጃጅም የድንጋይ ሣጥኖች በድንጋይ እግር ቆመው ተደርድረዋል፣ ጣራቸው ላይ መስቀል አለባቸው።

«መቃብራቸውን መንደር መሃል ነው እንዴ የሚሠሩት?» አልኩ።

«ክሪፒ ነው ማሚ» አለች ኑሃሚን።

ከመኪናው ስንወርድ ዙሪያዬን አየሁ። አንዷ አሮጊት ጥቁር ለብሳለች። ከጀርባዋ ያለችውም ጥቁር። በር ላይ የተቀመጡት ሦስቱም ከሻሻቸው እስከ ካልሲያቸው ጥቁር። «አለቀልን፣ ደብዳቤው ቀድሞናል፣ መንደሩ ሐዘን ላይ ነው» ብዬ ነጠላዬን ላዘቀዝቅ ስል፣ አንዱ በር ተከፈተና እትዬ ዴኦሊንዳ ወጡ። ቢጫ አበባ ያለበት ቀሚስ! ሰማያዊ ሻሽ! እየሳቁ መጥተው ጉንጮቼን በሁለት እጃቸው ይዘው ግራና ቀኝ ሳሙኝ። ጥቁር ለባሾቹ ቆመው ያዩናል፤ አንዳቸውም አይስቁም። ባለ ሐዘኗ በቢጫ፣ ጎረቤቶቿ በጥቁር! ግራ ገባኝ። ያውቃሉ ወይስ አያውቁም?

እትዬ ዴኦሊንዳ ቁጭ እንድንል እንኳ ፋታ አልሰጡንም። እጄን ይዘው እየጎተቱ ወንዙ ዳር ያለች ካፌ ወሰዱኝ። አሥር የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ። ባለ ካፌው አንቶኒዮ የሚባል ወፍራም ሰውዬ ነው። ኒው ጀርሲ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቶ የተመለሰ ስለሆነ እንግሊዝኛ ይችላል። እትዬ ዴኦሊንዳ ፊቱ አቁመውኝ አንድ ነገር ተናገሩ፣ «ጠይቃት» የሚሉ ይመስላል።

«ማኑዌል እንዴት ነው?» አለኝ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ብርጭቆ የምታጥበው ሴት እንኳ ውሃውን ዘጋች። ለአንድ ሽማግሌ ደህንነት ይሄ ሁሉ ጸጥታ ምንድነው? እህትየው አጠገቤ ቆመው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። መርዶ ካፌ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ አላወጣም!

«ደህና ነው» አልኩ።

«ደህና? በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«የማጥበው እኔ አይደለሁ እንዴ!»

«መጨረሻ ያጠብሽው መቼ ነው?»

ፖሊስ ነው እንዴ ሰውዬው? «ከመምጣቴ በፊት» አልኩ። ይሄ እንኳ ሐሰት አልነበረም።

አንቶኒዮ ለሕዝቡ አስተረጎመ። እትዬ ዴኦሊንዳ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጧ አደረጉትና እያንዳንዱን ሰው በጣታቸው እየጠቆሙ ተናገሩ፣ ሳቁ፣ እኔን እንደገና ሳሙኝ። ለሁሉም ወይን አስቀዱ። ሰው ግን ብርጭቆውን እንደያዘ ቀረ። አንዷ ጥቁር ለባሽ አማተበች። አንቶኒዮ ደግሞ ኪሱ የተገባ ሰው ሌባውን እንደሚያይ ነው ያየኝ። ምን አጠፋሁ? ወይ የሰው አገር!

ሆነም ቀረ መርዶው የሚነገረው በማግስቱ ማለዳ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጎረቤት የሚሰበስብልኝ ሰው ያስፈልገኛል። እንግሊዝኛ የሚችለው ይሄው ሰው ብቻ ነው። ኑሃሚንን «ፎቶ አሳዪያቸው፣ ያዢልኝ» ብዬ አንቶኒዮን ወደ አለቱ፣ ወደ መቃብሮቹ ወሰድኩት።

«ከባድ ነገር ልነግርህ ነው» አልኩት። «አሁን እህትየው እንዳይሰሙ። ማኑዌል አርፏል።»

ኮፍያውን ያወልቃል ብዬ ጠበቅኩ። አላወለቀም። ፊቱ ቀላ።

«እና አሁን ካፌዬ ውስጥ የተናገርሽው ምንድነው?»

«በእኛ ባህል መርዶ…»

«ደብዳቤውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ!» ጮኸብኝ። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ። እንግሊዝኛ ስለሆነ ወደ እኔ ይዛው መጣች። ይቺ መንደር አለቀሰች፣ እሷም ጥቁር ለበሰች። እሁድ ከሰዓት ላንቺ ደወለች። ከፊቷ ቆሜ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቀችሽ፣ ሦስት ጊዜ ደህና ነው አልሻት! በማግስቱ ጥቁሩን አውልቃ፣ ወንዝ ወርዳ አጥባ፣ አጣጥፋ አስቀመጠችው። ቄሱ ቢመክራት አልሰማ አለች። እኔንም አላመነችኝም። ‹ወረቀት ይዋሻል፤ የምታጥበው ሴትዮ ደህና ነው ብላለች› ነው የምትለን። ደግሞ ትመጣለች ሲባል፣ በቃ ዛሬ እንሰማለን ብለን ጠበቅንሽ። አንቺ መጥተሽ ደገምሽው!»

ክው አልኩ። ከአንዱ የድንጋይ እግር ሥር ቁጭ አልኩ።

«እነዚያ ሁሉ ጥቁር የለበሱትስ?» አልኩ፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«ባሎቻቸው የሞቱባቸው ናቸው። አያወልቁትም።»

«ይሄስ የማን መቃብር ነው?»

ሰውዬው አብዳለች ብሎ ሳያስብ አይቀርም። «የምን መቃብር? የበቆሎ ማስቀመጫ ነው» አለኝ። ጎተራ ነው ለካ! አይጥ እንዳይወጣበት እግር ተሠርቶለት። ጎተራ አይቶ መቃብር ያለ፣ ሐዘንተኛ አይቶ ደስተኛ ያለ፣ እንደኔ ያለ ሞኝ የት ይገኛል? ደብዳቤውን ልቀድም ባሕር ተሻግሬ፣ ደብዳቤውን ያስካድኩት እኔው ነኝ። ጠበቃው ምን አለ? ልቅም አድርጎ እውነቱን ጻፈ። የማምነው ልማዴ ነው እኚህን ሴት ሁለት ሳምንት በከንቱ ተስፋ ያኖራቸው። አፌን በቆረጠው አልኩ፣ ከልቤ ነው ያልኩት።

«ነይ፣ አሁኑኑ ንገሪያት» አለ አንቶኒዮ።

«እየመሸ ነው። መርዶ ማታ አይነገርም። ዛሬን ይተኙ።»

«ሁለት ሳምንት አስተኝተሻታል እኮ» አለኝ።

ግን አልቻልኩም። ለምኜው ለምኜው በመጨረሻ እጁን አወናጨፈና እሺ አለ፣ ሴቶቹን በማለዳ ሊያመጣ። «የምትናገሪው ግን አንቺው ነሽ። ከእኔ አንዴ ሰምታ እምቢ ብላለች» አለኝ።

እራት የጎመን ሾርባና የበቆሎ ዳቦ ነበር። አልወረደልኝም። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ እትዬ ዴኦሊንዳ ሻንጣዬን ራሳቸው አልጋ ላይ አውጥተው ከፈቱት። ለወንድማቸው የሚላክ ዕቃ አዘጋጅተዋል! ሁለት ብልቃጥ ማር፣ በጨርቅ የታሰረ ቋሊማ፣ በእጃቸው የሠሩት ግራጫ የሱፍ ሰደርያ። ሰደርያውን ደረታቸው ላይ ዘርግተው፣ በእጃቸው «ከስቷል? ወፍሯል?» ብለው ጠየቁኝ። ጋሽ ማኑዌል በመጨረሻ አጥንታቸው ነበር የቀረው። በጣቴ ቀጭን አሳየሁ። ሳቁና መርፌ አምጥተው በሁለቱም ጎን ማጥበብ ጀመሩ።

አትላንታ የሚኖር ሐበሻ ለሰው ዕቃ ማድረስ ብርቁ አይደለም። የሰው በርበሬ፣ የሰው ሽሮ፣ የሰው ጫማ ስንቴ ተሸክሜያለሁ። ለሞተ ሰው ዕቃ ስቀበል ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ።

ኑሃሚን ተከትላኝ ገባች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ሁሉንም ነግሬያታለሁ።

«ማሚ፣ ዋሸሻት እኮ። ፎር ዊክስ።»

«ለርኅራኄ ነው።»

«ለማን ርኅራኄ?» አለች። «አንቺ ነሽ መናገር የፈራሽው።»

በጥፊ ልላት እጄ ተነስቶ ነበር። መልሼ አወረድኩት። ልጅቷ ምን ዋሸች? በፓርኪንጉ ቆሜ «ቤም» ያልኩ ጊዜ የአባቴ ፎቶና ያቺ ሻማ ነበሩ የታዩኝ። የእሳቸውን ጩኸት በጆሮዬ መስማት ፈርቼ ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ነጋ። በወንዙ ላይ ጉም ተኝቷል። ሴቶቹ በድልድዩ በኩል መጡ፣ አሥራ አንድ ናቸው፣ ሁሉም በጥቁር። አንቶኒዮ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። እኔ በሩ ጋ ቆሜ፣ ኑሃሚን ያስጠናችኝን አንዲት ቃል በሆዴ እደጋግማለሁ። እትዬ ዴኦሊንዳ ሊጥ በእጃቸው እንደተለቃለቀ ወጡ። ቢጫዋን ቀሚስ ለብሰዋል። ሴቶቹን አንድ በአንድ አዩ፣ አንቶኒዮን አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማኑዌል?» አሉ። «ቤም»ን አልጨመሩባትም።

አፌ አራት ዓመት ተኩል የለመደውን ሊል ነበር፣ እውነቴን ነው። ምላሴን ነከስኩት።

«ማኑዌል ሞሬዉ» አልኩ። ሞተ።

አንቶኒዮን አልጠየቁም፣ ሴቶቹንም አልጠየቁም። በሊጥ እጃቸው ክንዴን ጨብጠው፣ ከዓይኔ ሥር ገብተው «ቨርዳድ?» አሉኝ። ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስተረጉምልኝ ገባኝ። እውነት?

«ቨርዳድ» አልኩ።

ወደቁ። እኔና ኑሃሚን ያዝናቸው፣ መሬት ሳይነኩ ያዝናቸው። ይሄን ለማድረግ ነበር የመጣሁት። ግን ትንፋሻቸው እንደተመለሰ እጄን ከክንዳቸው ላይ አነሱት። ሳይቆጡ፣ ቀስ ብለው፣ ጣቴን አንድ በአንድ አላቅቀው። ከዚያ ወደ ጥቁር ለባሾቹ ሄዱ፣ ሴቶቹም ከበቧቸው። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

ከሰዓት በኋላ፣ ያን አጥበው ያስቀመጡትን ጥቁር ለብሰው፣ ሰደርያውን ከሻንጣዬ አውጥተው ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ያጠበቡትን ክር ይተረትሩ ነበር፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። በማግስቱ ስንሄድ ኑሃሚንን ግራና ቀኝ ሳሟት። እኔን ጨበጡኝ።

እሁድ ደረሰ። ቸርች የኋላ ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ስልኬን በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። አምስት ሰዓት ሆነ፣ አልጮኸም። በቀጣዩም እሁድ አልጮኸም። «ይሻልሻል፣ ተገላገልሽ» አለኝ ኢሳያስ። አልተሻለኝም። አምስት ሰዓት በደረሰ ቁጥር ስልኬን ገልብጬ አይ ነበር።

በሦስተኛው እሁድ ጮኸ። ወደ ፓርኪንጉ ሮጥኩ።

«ፀሐይ፣ ቤም?» አሉ። የእኔን ደህንነት ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር።

«ቤም» አልኩ።

ከዚያ፣ «ቨርዳድ?»

እንደዚህ ሆነ ልማዳችን። በየእሁዱ አንዴ «ቤም?» ይላሉ፣ አንዴ «ቨርዳድ?» ይላሉ። የእኔ ቃል ለብቻው አይበቃቸውም፣ ሁለቴ ካልመዘኑት አይቀበሉትም። ያማል። ይገባኛልም። እኔም ከመመለሴ በፊት ደህና መሆን አለመሆኔን ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ፤ ከዚያ በፊት ማን ጠይቆኝ ያውቃል?

ባለፈው ኦገስት፣ አባቴ ያረፉበት ቀን እሁድ ዋለ። ለማንም አልተናገርኩም። ቸርችም አልገባሁም፣ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። አምስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ፀሐይ፣ ቤም?»

«ቤ…» አልኩና ቆምኩ። የሚከተለውን ጥያቄ አውቀዋለሁ።

«ናው» አልኩ። አይደለሁም። ከዚያ የማውቃትን ፈለግሁ። ጋሽ ማኑዌል በመጨረሻዎቹ ቀናት አባታቸውን ሲጠሩ «ፓይ፣ ፓይ» ይሉ ነበር። ሌላኛዋን ቃል ለእህታቸው ብዬ ነው የተማርኳት። «ፓይ ሞሬዉ» አልኳቸው።

«ቨርዳድ?»

«ቨርዳድ» አልኩ።

አልዘጉትም። የሰው ስም ሲጣሩ ሰማሁ፣ በር ሲከፈት ሰማሁ፣ እግር ሰማሁ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ከዚያ ስልኬ ላይ ቪዲዮ በራ። እትዬ ዴኦሊንዳ መሃል ተቀምጠዋል፣ ከኋላቸውና ከጎናቸው እነዚያ ሴቶች ሞልተዋል፣ ስክሪኑ ጥቁር በጥቁር ነው። የቻለችው ስሜን ጠራች፣ ያልቻለችው ዝም ብላ አየችኝ። እኔም ስልኩን መሪው ላይ አስደግፌ፣ ሞተር ሳላስነሳ፣ አባቴን አለቀስኩ።